የቤታችን መዝገብ የት ነው?

ጠይቁን፤ የዚህ ሳምንት ጥያቄ

አንዲት አንባቢያችን ከጎጃም ደብዳቤ ጽፈውልናል። ማንበብ የተማሩት በቅርቡ ነው። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ መስመሩንም አልፎ አልፎ ይስታል። ጥያቄያቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

«በ1976 ዓ.ም. ቆጣሪዎች እቤታችን መጥተው የሁላችንንም ስም ጻፉ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ ትመልስ ነበር። አሁን ወንድሞቼ ቤቱ የአባታችን ነው ይላሉ። እናቴ ግን ቦታው ከእናቷ የወረሰችው እንደሆነ ትነግረኝ ነበር። ያ መዝገብ የት አለ? ማየት እችላለሁ ወይ?»

እኅታችን፤ የሚያሳዝነውን መልስ እናስቀድም። ያንን ወረቀት ማየት አይችሉም።

በአገራችን የሕዝብና የቤት ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ1999 ዓ.ም. ብቻ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጥሯል። የሚታተመው ግን ድምሩ ነው፤ በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ቤት ተብሎ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ መልስ ምስጢር ነው። ሰው የተናገረው ነገር ለግብር ወይም ለክስ ይውልብኛል ብሎ ከፈራ እውነቱን አይናገርማ! ደግሞስ ቆጣሪው «እዚህ ቤት ማን ይኖራል?» አለ እንጂ «ቦታው ከማን ወረደ?» ብሎ መች ጠየቀ?

ጊዜው ሲረዝም መዝገቡን የሚከፍቱ አገሮች አሉ። በአሜሪካ 72 ዓመት ይጠበቃል፤ በእንግሊዝ 100 ዓመት። እዚያ ሰዎች የቤታቸውን ታሪክ የሚፈልጉት በዚህ መዝገብ ነው። ከዛሬ ይነሡና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ችግሩ የቤት ቁጥር ይለወጣል፤ የመንገድም ስም ይለወጣል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ጎረቤትን ይከተላሉ። ቆጣሪ የሚሄደው ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ነውና ጎረቤታሞች በመዝገቡ ላይም ጎን ለጎን ይገኛሉ። የራስ ቤት ቢጠፋ የግራና የቀኙ ቤት ይጠቁማል። ዕድሜ ላይ ግን ብዙ አይተማመኑም። በፈረንጆች 1841 በእንግሊዝ ሲቆጠር ቆጣሪዎቹ የትልልቅ ሰዎችን ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ቤት እንዲያወርዱ ታዘው ነበር፤ የ44 ዓመቱ ሰው 40 ተብሎ ተጻፈ።

በጎረቤት የመፈለጉ ብልሃት ለእርስዎም ይሠራል። የእኛ የሣር ቤት ይፈርሳል፤ ይታደሳል፤ በቆርቆሮ ይተካል። ስለዚህ የሚፈለገው የቤቱ ቦታ ታሪክ ነው። ቦታ ደግሞ በአዋሳኝ ይታወቃል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ።

እንግዲህ ሳጥኑን ይክፈቱ። ወረቀቱን ሁሉ አውጥተው በዓመት በዓመቱ ይደርድሩ፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች።

ከላይ የሚመጣው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሰጠ ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም ይጻፋል። አዋሳኞቹንም ያንብቡ። ከዚያ በፊት በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በብዙ ወረዳ መሬት እንደገና ተደልድሏል። የእናንተ ቦታ ያኔ ተነክቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከዚያ በታች የገበሬ ማኅበር ወረቀት ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ሳይሆን አይቀርም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ከዚያ በፊት በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር። ከአዋጁ በኋላ መሬቱን የሚያከፋፍለው ማኅበሩ ሆነ። በማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ባብዛኛው አባወራው ነበር። አዩ? ቦታው በእናት ወርዶ በአባት ስም ሊመዘገብ ይችላል። ማንም ሳይዋሽ! ወንድሞችዎ ያዩት ወረቀት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናትዎም የነገሩዎት እውነት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በታች የንጉሡ ዘመን የግብር ደረሰኝ ቢገኝ ስሙን በጥንቃቄ ያንብቡ። የማያውቁት ስም ቢሆን አይጣሉት። በርስት አገር ግብር ብዙ ጊዜ በወል ይገባ ነበርና ደረሰኙ በአንድ ዘመድ ስም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ማን እንደከፈለ ይናገራል፤ እቤቱ ማን እንደኖረ አይናገርም።

ስምም ያሳስታል። አንድ ሰው በዓለም ስሙ አንድ ቦታ፣ በክርስትና ስሙ ሌላ ቦታ ይጻፋል። በአንድ ነገር ግን ከእንግሊዞቹ እንሻላለን። እነሱ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ ፈላጊዋ ዱካዋን ያጣል። የእኛ ሴት እስከ መቃብር የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። የአያትዎን ስም ከነአባታቸው ካወቁ ይበቃል።

ሴት በመሬት ወረቀት ላይ መጻፏም አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር በ1700ዎቹ የመሬት ሽያጭና ስጦታ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች አሉበት።

አሁን የሚሠራውን እንንገርዎ። በደብተርዎ አንድ ገጽ ላይ የአያትዎን ስም ከነአባታቸው ይጻፉ። ከሥሩ የቦታውን አራት አዋሳኞች ይጻፉ፤ የዛሬዎቹን በአንድ በኩል፣ የድሮዎቹን በሌላ በኩል። የድሮዎቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሰፈሩ ይኖራሉ። ያሉትን ከነስማቸውና ከነቀኑ ይጻፉ፤ መልሰው ያንብቡላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሙ። ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልለው ጭስና ፍሳሽ ከማይደርስበት ያኑሩ። ከዚያ ይዘው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ዋናውን ለማንም አይስጡ፤ ግልባጩን ይስጡ። ወንድሞችዎንም ቢጠሯቸው መልካም ነው፤ ደረሰኙን አብረው ቢያነቡት ይሻላል።