የእናት ኩባንያው ፊርማ የት አለ?

በመንዝና በግሼ ደጋ ገብስ ሲወቃ አርሶ አደሩ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ነው መንሹን የሚያነሳው። እብቁ ጉሮሮና ዓይን እንደሚያቃጥል ያውቃል፤ ነፋሱ ይዞለት ይሄዳል። ያው ገብስ በፋብሪካ ጎተራ ውስጥ ሲገለበጥ ግን ነፋስ የለም። አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በታፈነ ቦታ በዝቶ የእሳት ፍንጣሪ ካገኘ ይፈነዳል። እህል እየወረደ ባለበት ጎተራ የገባ ሰው ደግሞ በገብሱ ይዋጣል።

ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው እህል ብቻ አይደለም፤ ሥራ ፈላጊው ወጣትም ነው። በከተማዋ ያለው የቦርትማልት ብቅል ፋብሪካ፣ ለምሳሌ፣ ባለቤቱ አክሴሪያል የተባለ የፈረንሳይ እህል አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ገበሬ የገበሬ ልጅ አሠሪ ሆኗል ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ በአዋጁ የሚጠየቀው እዚህ የተመዘገበው ድርጅት ነው። የማሽኑን ዓይነትና የጥገናውን በጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ባሕር ማዶ ያለው እናት ኩባንያ ነው። የሳንባ በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲወጣ እዚህ ያለው ድርጅት ተዘግቶ ቢገኝ ታማሚው ማንን ይከሳል?

ይህ በደቡብ አፍሪካ ደርሷል። ኬፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የአስቤስቶስ ሥራውን ትቶ ከአገሪቱ ከወጣ በኋላ ከ3 ሺህ በላይ ተጎጂዎች ክስ አቀረቡ። ጉዳያቸው በለንደን እንዲታይ የተፈቀደው እ.አ.አ በ2000 ነው። እስከዚያ የሞቱ ነበሩ።

ፈረንሳይ እ.አ.አ በ2017 ትልልቅ ኩባንያዎቿ በውጭ ባሏቸው ድርጅቶች ለሚደርስ ጉዳት ቅድመ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ በሕግ ደንግጋለች። ሕጉ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያላቸውን ብቻ ስለሚመለከት ጥበቃን ከፓሪስ መጠበቅ አያዋጣም።

ክልሉ ለባለሀብት መሬት ሲሰጥ ውል ያስፈርማል። በዚያ ውል የሠራተኛውን ደኅንነት በሚመለከተው አንቀጽ ሥር እናት ኩባንያውም መፈረም አለበት። የገብስ አቅራቢ ዩኒየኖችም ዝም ሊሉ አይገባም። የብቅል ገብስ ውል እርጥበቱንና ፕሮቲኑን ሳይቀር ይቆጥራል፤ ያልተስማማ ጭነት ይመለሳል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጎተራ የሚገባው ሠራተኛ ገመድ፣ የአፍ መሸፈኛና ውጭ ሆኖ የሚጠብቀው ጓደኛ እንዳለው መጠየቅ ይቻላል። የአደጋ መዝገቡም በአማርኛ ተጽፎ ሠራተኛው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ።