ስልኩን የዘጋው አባት

በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይወራ ነው።

ከዓለም ከተማ ባልና ሚስት ሊያማክሩኝ መጡ። የጀማን ሸለቆ ተሻግረው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት በአገራቸው ለማንም መናገር ስላልቻሉ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው በስልክ፣ «እኔ ወደ ሴት አልሳብም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ» ብሏቸዋል። አባት ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁ ስም በቤት ውስጥ አይነሣም። እናት ግን ባሏ ሳይሰማ ጓሮ ወጥታ ትደውላለች። «ቢታመም ማን ይነግረኛል?» አለችኝ። ባልየው መደወሏን ያወቀው ያን ጊዜ እኔ ፊት ነው። ጉዳዩ የልጁ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ በትዳሩም መካከል ድብቅ ነገር ገብቷል።

ስለ ጋብቻ የምናምነውን ታውቃላችሁ፤ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው። መካነ ኢየሱስ በዚሁ ጉዳይ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። ልጅ ግን በጉባኤ ውሳኔ የሚቋረጥ ኅብረት አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 እንኳ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ወላጅ ልጁን ይካድ አይልም።

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ሞርሞኖች በትምህርታቸው ከእኛ እጅግ የራቁ ናቸው፤ በዚህ ነገር ግን ያዩት መከራ ያስተምረናል። በቤተ መቅደሳቸው የታሰረ ቤተሰብ ከሞት በኋላም አብሮ ይኖራል ብለው ስለሚያምኑ፣ ልጁ እንዲህ የሆነበት ወላጅ ለዘላለም ያጣው ይመስለዋል። መሪዎቻቸው በፈረንጆች 2015 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጾታ ያገቡትን ከሃዲ የሚል ደንብ አወጡ፤ በእነርሱ ቤት የሚያድጉ ሕፃናትም 18 ዓመት እስኪሞላቸው እንዳይጠመቁ ከለከሉ። ብዙ ምእመናን አለቀሱ፤ ትተው የሄዱም ነበሩ። በ2019 ደንቡ ተሻረ። ስለ ጋብቻ ያላቸው ትምህርት ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም ያው ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ዕንባ ለምን አስፈለገ? ከእነዚያ እናቶች አንዳንዶቹ «ማማ ድራገንስ» የሚል ማኅበር መሥርተው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የእኛዋ እናት ያላት ጓሮዋ ብቻ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ በድንጋጤ የሚደረጉ ነገሮች አሉ። አንዱ «ሚስት እንፈልግለት» ማለት ነው። ይህን አታድርጉ! ያቺም ልጅ የሰው ልጅ ናት፤ የማትፈለግበት ቤት ገብታ ዕድሜዋን ታለቅሳለች። ሁለተኛው ነገሩን «ለጸሎት» ብሎ ለጉባኤው ሁሉ መዝራት ነው። ልጃችሁ አምኗችሁ የነገራችሁ ለእናንተ ነው፤ ወሬው ከወጣ ደግሞ ለደኅንነቱም ያሰጋል። እኛ አገልጋዮችም በመድረክ ላይ በእነዚህ ሰዎች እየቀለድን ጉባኤውን ስናስቅ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ማን አንገቱን ደፍቶ እንደተቀመጠ አናውቅም። እኔም ቀልጃለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። አባትየውን፣ «ወንድሜ፣ አንተ ጌታን ስትቀበል ቤተሰቦችህ ምን አሉ?» አልኩት። ዘመኑ ደርግ ነበር። አባቱ፣ «ጴንጤ ከቤቴ ይውጣ» ብለው አባረሩት። እናቱ ግን አዲስ አበባ ድረስ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ በሶ ይልኩለት ነበር፤ ባላቸው ሳያውቁ። ከዓመታት በኋላ አባቱ ሲታመሙ አስጠሩት። እርሳቸው ታቦታቸውን፣ እርሱ እምነቱን አልተወም፤ ግን እስኪሞቱ ድረስ በእጁ አጎረሳቸው።

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆረጠ። ሚስቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። «የእርሱ ከእኔ ጋር አንድ ነው እያልከኝ ነው?» አለኝ፤ ተቆጥቷል። አንድ አይደለም አልኩት። አንተ የምታምነውን ለልጅህ ንገረው፤ ግን ከሰላምታ በኋላ፣ ምሳ በላህ ወይ ካልከው በኋላ ይሁን። የሉቃስ ምዕራፍ 15 አባት ልጁን ገና ከሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ሲጠብቅ ነበርና ነው፤ ኑዛዜውንም የሰማው ካቀፈው በኋላ ነው።

መልስ አልሰጠኝም። ሊወጡ ሲሉ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ይደውል አይደውል አላወቅሁም። እባካችሁ ጸልዩላቸው።