የመጽሐፍ እድር ይቋቋምልን



መጽሐፍ ማከማቸትና መጽሐፍ ማስነበብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኛ በመካነ ሰላም የምንማር ተማሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ከኛ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው በመቅደላ አምባ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር ብዙ የብራና መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ መጻሕፍቱም ተዘረፉ። ከነዚህ ውስጥ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ያ ሙዚየም ለገዛ አገሩ ሰው እንኳ መጽሐፍ አያውስም ነበር። አንባቢው እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ባዶ እጁን ይወጣል። በዚህ የተማረረው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል ወዳጆቹን አስተባብሮ እ.ኤ.አ. በ1841 የለንደን ላይብረሪን አቋቋመ። ይህ ቤት እስከ ዛሬ በአባላት መዋጮ ቆሟል፤ መጻሕፍቱም አንድ ሚሊዮን ያህል ደርሰዋል። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው ቅጽ ይሞላል፤ የዓመት መዋጮውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በመደርደሪያዎቹ መካከል እንደ ልቡ እየተዘዋወረ የመረጠውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። ርቆ ለሚኖር አባል ደግሞ መጽሐፉ በፖስታ ይላክለታል።

ታዲያ ይህ አሠራር ለኛ እንግዳ ነውን? አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን እድር ሲመሠርቱ መዋጮ ይጥላሉ፤ ድንኳኑንና ዕቃውን በጋራ ይገዛሉ፤ የተዋሰም በጊዜው ይመልሳል። እቁብም ቢሆን ቀድሞ ለደረሰው ሰው ዋስ ይጠይቃል። ለመጽሐፍ የሚያስፈልገውም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ መዝገብ፣ አንድ ሣጥን፣ የታወቀ የመመለሻ ቀንና የሚታመን ዋስ ካለ ሥራው ይጀመራል። ከየመኝታ ክፍሉ አንድ አንድ መጽሐፍ ቢወጣ ሣጥኑ በአንድ ሳምንት ይሞላል።

«መጽሐፉ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አንዳንዱ ይጠፋል። ዳሩ ግን ተቆልፎበት የማይነበብ መጽሐፍም ለአንባቢው እንደ ጠፋ ይቆጠራል። የጠፋውን በመዋጮ መተካት ይቻላል፤ ሳያነቡ ያለፈውን የትምህርት ዘመን ግን የሚተካው የለም።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስ ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልሶላቸዋል። የቀሩትም ይመለሱልን እያልን ዛሬም እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ትክክል ነው። ነገር ግን ከጓደኛችን የተዋስነውን መጽሐፍ ዓመት ሙሉ ከትራሳችን ሥር አኑረን የብሪቲሽ ላይብረሪን ብንወቅስ ማን ይሰማናል? ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ሐሳብ በአጀንዳው እንዲይዝልን እናሳስባለን። እናንተም አንባብያን፣ ጉባኤው እስኪሰበሰብ ድረስ በእጃችሁ ያለውን የሰው መጽሐፍ ለባለቤቱ መልሱ።