ጎመን የዘራ ሰው አገሩን አልረሳም

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ዙሪክ ከተማ ዳርቻ ባለች ቁራሽ የአትክልት ቦታቸው ላይ ቡና ጋብዘውኝ ነበር። ስኒው ሲቀርብልኝ ዞር ብለው ከአጥሩ ሥር ጤና አዳም ቀነጠሱና ጣል አደረጉበት። የልጅ ልጃቸው ቅጠሉን አሽታ «ይኼ የአያቴ ቤት ሽታ ነው» አለች፤ ያለችውም በስዊስ ጀርመንኛ ነው። አያትየው ቀበል አድርገው «ጤና አዳም በይ» አሏት። ልጅቱ ደገመችው። ከዚያም በሶብላውን፣ ጎመኑን በየስሙ እየጠራች አስጎበኘችኝ። በየቅዳሜው ልጆቻችንን በአማርኛ ትምህርት የምናደክም ሰዎች ያን ቀን ብታዩ ኖሮ ትገረሙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። ለመሆኑ እኛ በጄኔቭና በዙሪክ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልዘራንም?

መልሱን ከራሴ ልጀምር። ስደት ስገባ «ለሁለት ዓመት ነው» ብዬ ነበር። ሁለቱ አሥር፣ አሥሩ ሃያ ሆነ። ነገ እገባለሁ የሚል ሰው አይተክልም። ኤፍ ፈቃድ የያዘው ወገናችን «ነገ ምን እንደሚወሰንብኝ አላውቅም» ይላል፤ ሲ ፈቃድ ያገኘውም «ሁኔታው ሲስተካከል እመለሳለሁ» ይላል። ሁለቱም ሻንጣቸውን አልፈቱም። እዚህ መሬት ላይ መትከል አገርን እንደ መርሳት፣ ተስፋ እንደ መቁረጥ ተቆጥሮብናል። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። አገሩን የሚረሳው፣ የጎመኑን ስም ለልጁ ሳያስተምር የሚያረጅ ነው።

ዘር ተቀምጦ ብቻ አይኖርም፤ እየተዘራ ነው የሚኖረው። ይህን ለዓለም ካስተማሩት አንዱ የኛው ሰው ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። የአገራችንን የእህል ዘር በማቀዝቀዣ ከማስቀመጥ ጎን ለጎን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲቆይ በመሥራታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ስዊሶቹም ቢሆኑ የአያቶቻቸው ፖምና ድንች እየጠፋ መሆኑን ሲያዩ በ1982 ፕሮ ስፔሲ ራራ የሚባል ድርጅት አቋቁመው፣ በየጓሯቸው የሚያበቅሉ ሰዎችን አሰባስበው የቆየ ዘራቸውን ይጠብቃሉ። እነሱ በገዛ አገራቸው እንዲህ ከተጨነቁ፣ እኛ በሰው አገር እንዴት እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን?

ታዲያ ዘሩ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ አደራ የምለው አለኝ። ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ ስንመለስ በሻንጣችን የጌሾ ችግኝና የጎመን ዘር ሸጉጠን እንመጣለን። ከጥር 2020 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ ወደ ስዊስ ተክልና የሚዘራ ዘር ያለ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማስገባት የተከለከለ ነው። ክልከላው እኛን ለመጉዳት የወጣ አይደለም፤ በአንድ ችግኝ ሥር የሚመጣ ተባይ የገበሬን ማሳ ሊያጠፋ ስለሚችል ነው። ዘሩ እዚህ አገር ካበቀሉት ወገኖች ይገኛል። ጎመን ዘራችን ሳይንቲስቶች ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት ሲሆን በአውሮፓም ይዘራል። ጤና አዳምም የሜዲትራንያን ዳርቻ ተወላጅ ነውና የቅርብ ዘመዱን በጀርመንኛ «ቫይንራውተ»፣ በፈረንሳይኛ «ሩ» ብላችሁ ከችግኝ ሻጭ ጠይቁ።

የአየሩን ነገር ከስዊስ ጎረቤቶቻችን እንማር። እነሱ ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል፤ ብርድ የማይችል ተክል ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አያወጡም። በኛ አቆጣጠር ከግንቦት 3 እስከ ግንቦት 7 መሆኑ ነው። (በግንቦት 7 ፖለቲካ የሚታያችሁ ይቅር በሉኝ፤ የማወራው ስለ በሶብላ ነው።) ጎመኑ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፤ ደጋ ያደገ አይደል! በሶብላ ግን ውርጭ ሲነካው ያልቃል። ኮሰረትና ጌሾ በሸክላ ተተክለው ክረምቱን ቤት ውስጥ ቢያሳልፉ ይሻላቸዋል። ከጤና አዳም ልጆቻችሁን ጠብቁ፤ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር በቀል የምንለው የኛን ብቻ መሆን የለበትም፤ ይህም ምድር የራሱ ልጆች አሉት። መንግሥት ከመስከረም 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በየአጥሩ የምናየውን ኪርሽሎርቤር ጨምሮ ከውጭ መጥተው ጫካውን የሚወርሩ ተክሎች እንዳይሸጡ ከልክሏል። ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ግን አገር በቀሎቹን ዛፎች ቦታ እንዳሳጣቸውም እናውቃለን። ስለዚህ ከጎመናችን ጎን ለንቦቹና ለቢራቢሮዎቹ የሚሆን የአገሬው አበባ እንትከል። ጥሩ እንግዳ የባለቤቱን ቤት አያፈርስም።

ቦታ የለኝም የምትሉ፣ በረንዳ ይበቃል። ሰፋ ያለ የምትፈልጉ በጄኔቭ «ዣርዳን ፋሚሊዮ»፣ በዙሪክ «ፋሚሊየንጋርተን» የሚባሉት አሉ። ወረፋ አለ፤ ስለዚህ ዛሬ ተመዝገቡ። ለየማኅበሮቻችን መሪዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ከምንከራየው ገንዘብ ጥቂቷን ቀንሰን አንድ የጋራ ቦታ እንያዝ። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች አራት ግድግዳ ከሚያዩ፣ ወጥተው ልጆቻችንን ስለ ዘር ያስተምሩ። በፖለቲካ የተኳረፍን ሰዎችም ምናልባት ጎመን ስንኮተኩት ሰላም እንባባል ይሆናል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይሉ የለ? ዘሩ ግን መጀመሪያ መዘራት አለበት። አገራችን ከገባን ቦታውን ለሌላ ወገን እናስረክባለን። ካልገባንም ልጆቻችን የጤና አዳምን ስም ያውቃሉ።

ቸር ይግጠመን።