ንጹህ ማርም ስኳር ነው

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዙሪያ ባሉ ቤቶች ስኳር ያለባቸው እናቶች ቡናቸውን መራራውን ይጠጣሉ። ሻይ ሲቀርብ ግን ማር ይመጣላቸዋል። «ይጠጡ እማማ፣ ተፈጥሮ ነው፤ ስኳር አይጨምርም» ይባላሉ። በፍቅር የሚሰጥ ምክር ቢሆንም ስህተት ነው፤ ሰውም ይጎዳል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ይህ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው።

ገበያ ላይ ክርክሩ ሁሉ ስለ ንጽሕና ነው። ገዢው በጣቱ ይቀምሳል፣ «ስኳር አልገባበትም?» ብሎ ሻጩን ያስምላል፤ ሲምልለት ልቡ ያርፋል። ንጽሕናው ገንዘቡን ያድንለት ይሆናል እንጂ ደሙን አያድንለትም። ምንም ካልተቀላቀለበት ማር ከመቶው 38 ያህሉ ፍሩክቶስ፣ 31 ያህሉ ግሉኮስ ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳርም የእነዚሁ የሁለቱ ጥምረት ነው፤ ንቧ ከአበባ የቀሰመችውን ስኳር ለያይታ ታስቀምጠዋለች።

«ማር እኮ ፍሩክቶስ ይበዛበታል» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ፍሩክቶስ ብቻውን ሲወሰድ የደም ግሉኮስን ከስኳር በጣም ባነሰ መጠን ነው ከፍ የሚያደርገው። በዚህም ምክንያት በአውሮፓ ለስኳር ሕመምተኞች ተብለው የሚሸጡ ብስኩትና ቸኮላቶች ለዓመታት በፍሩክቶስ ይጣፍጡ ነበር። ሸክሙ ግን የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው፤ ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠዋል፣ የደም ስብም ይጨምራል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ያለዚያም ልቡና ጉበቱ ያሰጉታል። ጀርመን ለእነዚህ ምግቦች የነበራትን ልዩ ደንብ በ2010 እ.ኤ.አ. አነሳች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲቀነሱ ምክር ከሰጠባቸው ስኳሮች መካከል ማርን በስም ጠቅሶታል። ይህ ምክር ግን ብርቱካንን ከነፍሬው የሚበላውን አይመለከትም።

ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይቀምስ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው መንገድ ላይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ፍሩክቶስ ፈጥኖ አይደርስለትም። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ይደርስለታል፤ ማርም ይደርስለታል። የሚደርስለትም የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ነው! ታዲያ በደህናው ቀን ምን ተአምር ተፈጥሮ ነው ከፍ የማያደርገው?

ማር ሻጮች ሆይ፣ ማራችሁን ስለ ጣዕሙ ሽጡት፤ «ለስኳር ይሆናል» አትበሉ። የደም ስኳር መለኪያ በቤታችሁ ያላችሁ ደግሞ ማር ከመቅመሳችሁ በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኩ፤ ቁጥሩንም ለሐኪማችሁ አሳዩ።