የባሮ ዓሣና የጾም ገበታ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ባሕር ፍጥረት ለመጻፍ ሳስብ፤ አንዳንዱ ሰው «አገራችን የባሕር ወደብ የላትም፤ የባሕሩ ነገር ለእኛ ምናችን ነው» ብሎ እንደሚጠይቅ አልዘነጋሁም። መልሱ ያለው በጋምቤላ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፤ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ፤ የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፤ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ፈቅደው ነበር። ጣቢያው በጋምቤላ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ወንዙ በሞላ ቍጥር መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭኑ ነበር። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ ውሎ አድሮ ቀረ። የውሃው መንገድ ግን አልቀረም። አኝዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ፤ ከፒቦር ጋራ ተጋጥሞ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ በካርቱም፤ በግብፅ በኩል አድርጎ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። እንግዲህ የደጋችን ዝናም የባሕር ዝምድና አለው።

ዝምድናውም እንዲያው በቃል ብቻ አይደለም። በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ፤ ይልቁንም በዓባይ በኩል፤ የሚወርደው ደለል የተሞላ ጎርፍ በግብፅ ጠረፍ ባሕሩን ያለመልመው፤ በዚያም ሰርዲን የሚባለው ትንሽ ዓሣ ተሰብስቦ ይመገብ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ግብፆች ከዚህ ዓሣ 18,000 ቶን ያህል አጠመዱ። በ1956 ዓ.ም. የአስዋን ታላቅ ግድብ ጎርፉን ማቆም ጀመረ፤ በ1960 ዓ.ም. የተያዘው ሰርዲን 500 ቶን እንኳ አልሞላም። ከብዙ ዓመት በኋላ ዓሣው በከፊል ተመልሷል፤ የመለሰው ግን፤ ሊቃውንት እንደሚሉት፤ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተሞች ፍሳሽ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ምትክ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከዚህ የምንረዳው ዓሣ በውሃ ብቻ ሳይሆን በወራት እንደሚኖር ነው። ይህም በባሮ ላይ ከሁሉ ይልቅ ይታያል። በኢትዮጵያ ውስጥ በዓሣ ዓይነት ብዛት የባሮንና የአኮቦን ተፋሰስ የሚተካከል የለም፤ ከመቶ በላይ ዓይነት ተቈጥሮበታል። ናይል ፐርች የሚባለው ካደገ እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል። ሳንባ ያለው ዓሣ አለ፤ ውሃ ሲደርቅ በጭቃ ተቀብሮ ዝናም እስኪመለስ ሊቆይ ይችላል። ጂምናርከስ የተባለው ደግሞ በሌሊት በሰውነቱ በሚያመነጨው ደካማ ኤሌክትሪክ መንገዱን እየለየ ይሄዳል፤ ከሣርም ተንሳፋፊ ጎጆ ሠርቶ ዕንቁላሉንና ጫጩቶቹን ይጠብቃል። ብዙዎቹ የባሮ ዓሦች ግን ጎጆ አይሠሩም፤ ጎጇቸው ጎርፉ ነው። ወንዙ በክረምት ከዳርቻው ወጥቶ የኢታንግንና የጂካዎን ሜዳ ሲያለብስ፤ ዓሣው ተከትሎ ወደ ሣሩ ይገባና ዕንቁላሉን ይጥላል። ጫጩቱ በሣሩ መካከል እየተመገበ ያድጋል፤ ጎርፉ ሲመለስም አብሮ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

በአንድ ነሐሴ ለሥራ ጉዳይ ወደ ጋምቤላ ወርጄ ሳለሁ፤ ከወንዙ ዳር ዓሣ ገዛሁ። በጾመ ፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የሊቃውንቱ ድርሻ ስለ ሆነ አልገባበትም፤ በከተሞቻችን ግን ብዙ ቤት እንደሚበላ የታወቀ ነው። ሻጪቱ ሸምገል ያሉ አኝዋክ ነበሩ። ሆዱ ሲቀደድ እንደ ጤፍ የተጠቀጠቀ ዕንቁላል ወጣ። እኔም ስለ ዓሣው ስብነት ሳመሰግን፤ ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛ፦ «ልጄ፤ ይህ ስብ አይደለም፤ የከርሞው ዓሣ ነው። እናንተ በዚህ ወር ትወዱታላችሁ፤ እኛም እንሸጣለን» አሉኝ። ያን ጊዜ ከማፈር በቀር የምመልሰው ቃል አላገኘሁም።

ነገሩን ከዚያ ወዲህ ሳስበው ይበልጥ አስገረመኝ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ባሮ ጎድሎ ዓሣው በየኩሬው ተሰብስቦ በቀላሉ ይያዛል። በፍልሰታ ደግሞ ፈላጊው እንደ ገና ሲነሣ፤ ዓሣው ዕንቁላል ተሸክሞ በጉዞ ላይ ነው። ስለዚህ ገበታችን ዓሣውን በዓመት ሁለት ጊዜ በድካሙ ሰዓት ይጠብቀዋል። ቀድሞ በጦርና በቅርጫት ለቤት የሚበቃውን ያጠምዱ በነበሩበት ወንዝ፤ ዛሬ ለሩቅ ገበያ የሚጫን ዓሣ በመረብ ይወጣል፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በዚሁ አውራጃ ተጠግተዋልና የሚመገበው ሰው በዝቷል። የተራበን ሰው አታጥምድ ሊል የሚደፍር የለም። የምንናገረው ስለ ጠገበው ገበታ ነው።

ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ጣና አሳይቶናል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማጥመድ በሐይቁ ተስፋፋ። ባርበስ የሚባለው የዓሣ ዘር በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ሲሰበሰብ መረቡ እዚያው ይጠብቀው ነበር። በደቡብ የሐይቁ ክፍል ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ የመረመሩ ሊቃውንት፤ ይህ ዘር ከመቶ 75 እጅ ያህል፤ ያላደጉት ትንንሾቹ ደግሞ ከመቶ 90 እጅ ያህል መቀነሳቸውን ጻፉ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃ ላይ በትኖ ዓሣን ማስከርም ከጥንት የቆየ ልማድ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይፈጃል።

በታላቁም ባሕር ነገሩ አንድ ነው። ካናዳ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ለብዙ መቶ ዓመት ሕዝብ ሲመግብ የኖረው ኮድ የተባለው ዓሣ ስላለቀ፤ በሰኔ 1984 ዓ.ም. ማጥመዱን ከለከለች፤ 30,000 ያህል ሰዎችም ሥራ ፈቱ። ለጥቂት ጊዜ የተባለው እገዳ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ 32 ዓመት ቆየ። ዛሬም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው፤ ከዓለም የባሕር ዓሣ ክምችት ሢሶው ያህል ከልክ በላይ ይጠመዳል።

በባሮ ላይ ሌላም ሥጋት አለ፤ እምቦጭ ከገባባቸው ወንዞች አንዱ እርሱ ነው፤ በደጋው ደን ሲመነጠር የሚታጠበው አፈርም ወደ ቈላው ይወርዳል፤ ከየመንደሩ የተጣለው ፕላስቲክ በጎርፉ ተጭኖ ሲሄድ በጋምቤላ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. ቍጥሩ 315 የሆነ አዋጅ ወጥቷል። ዳሩ ግን አዋጅ በየወንዙ ዳር ዘበኛ ሊሆን አይችልም። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ስለ መሬት፤ ስለ ከብት፤ ስለ ውርስ ብዙ አቤቱታ ተቀብዬ መዝግቤአለሁ፤ ዓሣ ያለ ጊዜው ተያዘ የሚል አንድ ማመልከቻ ግን በእጄ አልፎ አያውቅም። ከሳሽ የሌለው ፍጥረት ነውና።

ስለዚህ ነገሩ በእጅጉ ወደ ቤት እመቤቶቻችን ያዘነብላል። ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ በርካሽ ሲቀርብ አለመግዛት ይቻላል፤ ባለ መረቡ ገዢ ያጣበትን ዓሣ ለማውጣት አይደክምምና። በሐምሌና በነሐሴ ዕንቁላል ያዘለውን መተው፤ ዓሣ ያማረው ሰው ጎርፉ ተመልሶ ወንዙ እስኪጠራ፤ እስከ ኅዳር ቢታገሥ መልካም ነው፤ ያን ጊዜ ዓሣው የወለደ ነው።

ከጋምቤላ ከተመለስሁ ወዲህ በእኛ ቤት በፍልሰታ የሽምብራ ዓሣ ይሠራል። ልጆቹ መጀመሪያ አኵርፈው ነበር፤ አሁን ግን አጥንት የሌለው ዓሣ ይሻላል እያሉ ከእናታቸው ጋራ ዱቄቱን በዓሣ መልክ ይቈርጣሉ፤ ትንሹም ልጅ ጅራቱን ካላበጀሁ ብሎ ያስቸግራል።