«ትንሽ ጠጋ በልልን!»

ጉርድ ሾላ፣ ባቡሩ ከሚያልፍበት ዋና መንገድ ገባ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት፣ እናት፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድሟ። ልጅቷ የዮናስን ታሪክ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምታለች። የእናቷ ስልክ ላይ ደግሞ ከባሕር ተወርውሮ የሚወጣ ዓሣ ነባሪ አይታለች። ከዚያ ወዲህ እራት በቀረበ ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «አባዬ፣ መቼ ሄደን ነው የምናየው?»

አባት ምን ይበል? ባሕሩ ከእጃችን ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ብቅ የሚለውና ቱሪስት የሚጎርፍለት ግዙፍ ፍጥረት እንኳ በስሙ ዓሣ ነባሪ ይባል እንጂ ሻርክ ነው። ለአራት ሰው ፓስፖርት፣ ቪዛና የውጭ ምንዛሪ ፈልጎ ሻርክ አይቶ መመለስ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ወግ አይደለም።

ደግነቱ ዘመዱ እዚሁ አለ። በዘረመል ጥናት እንደተረጋገጠው በዛሬው ዓለም ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ሥጋው ጉማሬ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ ቢሄዱ ሁለቱ አንድ ቅድመ አያት ላይ ይገናኛሉ። የሚገርመው ደግሞ ከድንበራችን ማዶ ኬንያ ቱርካና ውስጥ፣ ዛሬ ካለው የባሕር ጠረፍ 740 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የ17 ሚሊዮን ዓመት የዓሣ ነባሪ ቅሪት ተገኝቷል። ምሥራቅ አፍሪካ ከፍ ከማለቷ በፊት እንስሳው በወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ መንገድ ስቶ የቀረ ይመስላል። ለስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የመኝታ ተረት የለም።

ስለዚህ ጉዞው ወደ ጉማሬ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት የባሕር ዳር ዳርቻ ለዚህ የታወቀ ነው። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ሕፃን ይዞ ለመዝናናት የሚያሳስብ አይደለም። የጫሞ ሐይቅ አዞውንም ጉማሬውንም ያሳያል፤ ግን አርባ ምንጭ ለሁለት ቀን እረፍት ሩቅ ነው። የቀረው ሐዋሳ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱን ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ፣ በጠዋት መነሣት፣ ሳይመሽ መግባት። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ዕቅዱም ይወጣል። ሆቴሉ ይመረጣል፤ የልጆች መዋኛ አለው ወይ ይባላል። አሞራ ገደል የሚበላው ዓሣ ከወዲሁ ምራቅ ያስውጣል። ለፎቶ የሚለበሰው ልብስ ይተኮሳል። በዚህ ሁሉ መሐል የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ትንሹ ልጅ ጀልባው ላይ ምን ይለብሳል?

በየሐይቆቻችን ዳር ባለጀልባው ላይፍ ጃኬት ቢያድልም ብዙ ጊዜ ለአዋቂ የተሰፋ ነው። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን በሥሩ ሾልኮ ይቀራል። የልጅ ጃኬት በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው የሚመረጠው፤ ከ14 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ከ14 እስከ 23 ኪሎ ለሆነ፣ ከዚያም በላይ እያለ ይሄዳል። ለትንንሾቹ የሚሆነው ከአንገት ጀርባ ጭንቅላት የሚደግፍ ትራስና በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ አለው። ልክ መሆኑን መፈተሽ ቀላል ነው፤ አልብሶ፣ አስሮ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ መሳብ። ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ በመዝናኛ ጀልባ ክፍት ቦታ ላይ የሚቀመጥ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጃኬት መልበሱ የፌዴራል ግዴታ ነው። ከዚያ የምትመጣ አክስት ሻንጣዋ ውስጥ ከምታጭቀው ቪታሚንና ቸኮላት ይልቅ አንድ የልጅ ጃኬት ብትይዝ ለሦስት እህትማማቾች ልጆች በተራ ይደርሳል።

የጃኬቱ ነገር ግን ግማሹ ነው። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ጉማሬው ሲታይ ነው።

ጀልባ ነጂው ሞተሩን ያበርዳል። ከፊት ውኃው ላይ ሦስት ጥንድ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል። ከዚህ ማለፍ እንደሌለበት ያውቃል፤ ሐይቁ ላይ ነው ያደገው። ይኼኔ ከኋላ ድምፅ ይመጣል፤ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ በልልን! በስልክ አይታይም እኮ!» ነጂው ያመነታል። ጉርሻ እንዳለ ያውቃል። እምቢ ቢል ነገ ዘመድ ወዳጃቸውን ለሌላ ጀልባ እንደሚልኩም ያውቃል። ጠጋ ይላል።

አደጋ በደረሰ ማግሥት የሚወቀሰው እሱ ነው። ሚዛኑ ግን ልክ አይደለም። ጠጋ ማለትን የሚገዛው ተሳፋሪው ነው፤ ያውም ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። ጠጋ ያላለውን ነጂ ጨምሮ የሚከፍል ደንበኛ ቢበዛ ጀልባዎቹ በአንድ የጥምቀት ሰሞን ልማዳቸውን ይቀይሩ ነበር።

ጉማሬ ሣር በል ነው፤ ሣር በልነቱ ግን ገራም አያደርገውም። ወንዱ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ከውኃ በታች መቆየት ይችላል። ከላይ ሦስት ስለታዩ ከሥር ስንት እንዳሉ ማንም አያውቅም ማለት ነው። ግልገል ያላት እናት ደግሞ ጀልባን ከአዞ አትለይም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ኒጀር ውስጥ በኒያሜ አቅራቢያ አንድ ጉማሬ ጀልባ ገልብጦ 12 ተማሪዎችን ጨምሮ 13 ሰዎች ሞተዋል። ልጆቹ ሽርሽር ላይ አልነበሩም፤ ወደ ትምህርት ቤት ነበር የሚሻገሩት። አማራጭ አልነበራቸውም። የሐዋሳ ተዝናኚ አማራጭ አለው።

«ስንት ዓመት ሰው ሲሄድ ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አብዛኛው ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ በሰላም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ካናዳ ቶፊኖ ላይ ዓሣ ነባሪ ለማየት የወጣችውም ጀልባ ለዓመታት ስትመላለስ የኖረች ነበረች። የጫነችው 27 ሰው ነው። አንድ ማዕበል ከጎን መትቶ ገለበጣትና 6 ሰዎች ሞቱ። ላይፍ ጃኬቱ ጀልባዋ ላይ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ግን አለበሱትም ነበር። በካናዳ ሕግ ከአብዛኞቹ ዓሣ ነባሪዎች ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ሆነው ነው ሰዎቹ በእንባ ታጅበው የሚመለሱት። ሩቅ ሆኖ ማየት ደስታ አይቀንስም፤ አንድ ርካሽ የእጅ መነጽር ከነጂው ድፍረት በላይ ያሳያል።

መንግሥትስ? የማሪታይም ባለሥልጣን አለ፣ የየከተማው አስተዳደር አለ፣ የባለጀልባዎች ማኅበራት አሉ። በየመሳፈሪያው ለልጅ የሚሆኑ አሥር ጃኬቶችን ማስቀመጥና የርቀት ልክ ወስኖ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ከሐይቅ ዳር ፕሮጀክቶቹ የአንዱን መብራት ያህል አያስወጣም። እስኪሆን ድረስ ግን ቁጥጥሩ የወላጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ ጀልባው ለጠዋት መያዝ አለበት። ስንት ሰው እንደሚጫን ደግሞ ሳይሳፈሩ በፊት መስማማት ነው፤ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ክርክር የለም።

ወደ ጉርድ ሾላው ቤተሰብ እንመለስ። አባት ሆቴሉን ከመያዙ በፊት አንድ ወዳጁ ለሰጠው ባለጀልባ ደወለ።

«12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን የሚሆን ላይፍ ጃኬት አለህ ወንድሜ?»

«ለሕፃን የለኝም ጌታዬ። ግን ምን ችግር አለው? እናቱ ታቅፈው ትቀመጣለች።»

«ለስድስት ዓመት ልጅስ?»

«እሱ አለ። ሁለት አለኝ።»

ልጅቷ ትሄዳለች ማለት ነው። ትንሹ ከዛፎቹ ሥር፣ ጉሬዛና አባ ኮዳ እያየ ዳር ይቆያል፤ በእሱ ዕድሜ ከጉማሬ ጆሮ ይልቅ አባ ኮዳ ሳያስደስተው አይቀርም። ከእሱ ጋር ማን ዳር እንደሚቀር ግን ባልና ሚስቱ እስካሁን አልተስማሙም።